ግማሾቻችን የጨው ውሃ ይደርሰናል፤ ልፈርም?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የሜኒየር ሕመም ከያዘኝ አራት ዓመት አለፈኝ። የሚያመኝ ግራ ጆሮዬ ነው። ሊነሣብኝ ሲል ጆሮዬ ውሃ እንደገባበት ይደፈናል፤ ቀጥሎ ከሩቅ የሚሠራ ሞተር የመሰለ ጉምጉምታ ይጀምረኛል፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ይዞራል። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ዓይኔን አንድ ነገር ላይ ተክዬ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ በግማሽ ሰዓት ይለቀኛል፣ አንዳንዴ አራትና አምስት ሰዓት ይቆያል። ሁለት ወር ደህና እከርምና በአንድ ሳምንት ሦስቴ ይጥለኛል። ከማዞሩ ይልቅ የሚያስፈራኝ መቼ እንደሚመጣ አለማወቄ ነው።

ባለፈው ሳምንት የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሜ አንድ ጥናት ውስጥ እንድገባ ጠየቀኝ። መድኃኒቱ በቀጭን መርፌ በጆሮ ታምቡር በኩል ወደ መካከለኛው ጆሮ ይገባል፤ ከዚያ ክብ መስኮት በሚባለው ስስ ሽፋን አልፎ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይደርሳል። ተሳታፊዎች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሾቹ መድኃኒቱን ያገኛሉ፣ ግማሾቹ በዚያው መርፌ የጨው ውሃ ብቻ። ማን የቱ እንደደረሰው ጥናቱ እስኪያልቅ ታካሚውም ሐኪሙም አያውቁም። የስምምነት ቅጹን ይዤው መጥቻለሁ። አሥራ አራት ገጽ ነው፤ ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

ንዴቴን አልደብቅም። የታመመ ሰው ጆሮ ወግቶ ውሃ መጨመር እንዴት ሕክምና ይባላል? እንዲህ ዓይነት ጥናት ውስጥ የገባችሁ፣ እንቢ ያላችሁ፣ ወይም ሥራችሁ የሆነ ካላችሁ ንገሩኝ። እስከ ሐሙስ መልስ መስጠት አለብኝ።

(መልሶቹ በዝተዋል፣ አንዳንዶቹም በጣም ረዝመዋል። በኋላ ለሚያነብ ሰው እንዲመች በቁጥራቸው ተራ፣ በራሴ ቃል አስቀምጫቸዋለሁ።)

1ኛ መልስ

የመጀመሪያዋ መላሽ ከዚህ ሕመም ጋር አሥራ አንድ ዓመት የኖረች ሴት ናት። አይዞህ ብላ ጀመረች። ከስድስት ዓመት በፊት ለተመሳሳይ ጥናት ተጠይቃ እንቢ ብላለች፤ አራስ ስለነበረች ለተጨማሪ ቀጠሮ ጊዜም ጉልበትም አልነበራትም። ሐኪሟ ፊቱን አላጠቆረባትም፣ ሕክምናዋም እንደ ቀድሞው ቀጠለ። ይህን ማንም ሳይጠይቃት መናገሯ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ ውስጥ ውስጡን የፈራሁት እንቢ ካልሁ ሐኪሜ ይቀየመኛል ብዬ ነውና።

2ኛ መልስ

የሁለተኛው መላሽ ምክር አጭር ነበር። እሱም ያዞረው ነበር፤ አንድ ሐኪም አልጋ ላይ አስተኝቶ ጭንቅላቱን ወዲህና ወዲያ አዙሮለት በደቂቃዎች ውስጥ ድኗል። ስለዚህ መርፌውንም ቅጹንም ትቼ ይህንን እንዳስደርግ መከረኝ።

3ኛ መልስ

የመስማት ችሎታ መርማሪ የሆነች ባለሙያ በትሕትና አረመችው። እሱን የያዘው ሌላ ሕመም ነው። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ከቦታቸው የተላቀቁ ጥቃቅን የካልሲየም ክሪስታሎች ከግማሽ ክብ ቦዮቹ ወደ አንዱ ሲገቡ፣ ሰውየው አልጋ ላይ በተገላበጠ ወይም ቀና ባለ ቁጥር ለሰከንዶች፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ያዞረዋል። ጭንቅላትን በቅደም ተከተል በማዞር ክሪስታሎቹን ከቦዩ ማውጣት ይቻላል፤ በጣም የታወቀው አሠራር ጆን ኤፕሊ በ1992 ያሳተመው ነው። ሜኒየር ግን ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት የሚቆይ ማዞር ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተከስቶ፣ በዚያው ጆሮ ዝቅተኛ ድምፆችን የመስማት ችሎታ መቀነሱ በምርመራ ሲታይ፣ የጆሮው ጩኸት ወይም መደፈንም አብሮ ከፍና ዝቅ ሲል ነው በእርግጠኝነት የሚባለው። ጭንቅላት ማዞር ለዚህኛው አይሠራም።

በዚያው አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረች፤ ከርዕሱ ወጣ ቢልም እዚህ ይቆይ። አንድ ጆሮው በድንገት፣ በአንድ ሌሊት መስማት ያቆመበት ሰው የጆሮ ኩክ ነው ብሎ ሳምንታት መጠበቅ የለበትም። ያ አስቸኳይ ነው።

4ኛ መልስ

ሁለተኛው መላሽ ተመልሶ አመሰገናት፣ እኔንም ይቅርታ ጠየቀኝ።

5ኛ መልስ

ከዚህ ላይ ነው ድምፁ የተቀየረው። አምስተኛው መላሽ የሰባት ዓመት ሕመምተኛ ነው። ጥናት የሚባለው ሰውን የሙከራ አይጥ ማድረግ እንደሆነ፣ ለታመመ ሰው እያወቁ ባዶ ነገር መስጠት ወንጀል እንደሆነ ጻፈ። በዚያ ላይ የሚሠራ መድኃኒት ሞልቷል አለ፤ እሱ ቤታሂስቲን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ሰው ሆኗል። ቅጹን ቀድጄ እንድጥለው ነገረኝ። እውነቱን ለመናገር ሳነበው ልቤ ወደ እሱ አደላ።

6ኛ መልስ

መላሹ የጥናት መረጃ ትንተና የሚሠራ ሰው ነው። አምስተኛው መላሽ የጠቀሰውን ያንኑ ቤታሂስቲንን ይዞ መጣ። በጀርመን 14 የሕክምና ማዕከላት 221 የሜኒየር ታካሚዎች በዕጣ ለሦስት ተከፍለው ነበር። አንደኛው ቡድን 24 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ ሁለተኛው 48 ሚሊግራም በቀን ሦስቴ፣ ሦስተኛው ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ እንክብል፣ ለዘጠኝ ወር ወሰዱ። ውጤቱ በ2016 ታተመ። የማዞሩ ብዛት በሦስቱም ቡድኖች ቀነሰ፤ በመካከላቸው ግን ልዩነት አልተገኘም። ፕላሴቦ የወሰዱት ሰዎችም ሰው ሆነዋል።

ጥያቄውንም እዚያው ላይ አስቀመጠ። ያ ሦስተኛ ቡድን ባይኖር ኖሮ፣ መድኃኒቱ በትንሹም በትልቁም መጠን ይሠራል ተብሎ ይጻፍ አልነበረም?

7ኛ መልስ

አምስተኛው መላሽ በቁጣ ተመለሰ። ሕመሜም መዳኔም የአእምሮዬ ፈጠራ ነው እያልከኝ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ያልተነካ ግልግል ያውቃል የሚለውን ተረት ወረወረና፣ አንድ ቀን እንኳ ወለል ላይ ተኝቶ አስመልሶት የማያውቅ ሰው ስለ ቡድን ቁጥር ባያወራ ይሻላል አለ። ኃይለ ቃል ቢሆንም ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አይዞህ፣ ጭንቀት ነው ተብለን ከየክሊኒኩ የተመለስን ብዙ ነን።

8ኛ መልስ

በማዞር ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት። ከሁሉም ረጅሙን ጊዜ የወሰድሁት በእሷ መልስ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሰባተኛውን መልስ አከበረች፤ ሕመሙ ፈጠራ ነው ያለ ማንም የለም፣ መሻሉም እውነት ነው አለች። ጥያቄው መሻሉን ያመጣው ምንድን ነው የሚለው ነው። ሰው ወደ እነሱ ክሊኒክ የሚመጣው በከፋበት ወር ነው፤ ሁለት ወር ደህና ሲሆንማ ማን ይመጣል? ሜኒየር ደግሞ በራሱ ጊዜ የሚነሣና የሚበርድ ሕመም ነው። ከከፋው ወር ቀጥሎ የሚመጣው ወር፣ ምንም ባይሰጥም፣ ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል። በከፋው ወር ላይ የተሰጠ ማንኛውም ነገር፣ እንክብልም ይሁን መርፌ፣ ምስጋናውን ይወስዳል። ሐኪሙም ታካሚውም ያዩትን ነው የሚናገሩት፣ ማንም አልዋሸም፤ ሆኖም ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። የጨው ውሃው ቡድን ሥራ ያንን በራሱ የሚመጣ መሻል መለካት ነው። ያለ እሱ ከምን ላይ ተነሥተን ምን እንደተጨመረ አናውቅም።

9ኛ መልስ

ይህ የራሴ ነው። ነርሷን ካነበብሁ በኋላ ስልኬ ላይ የያዝሁትን የአራት ዓመት ማስታወሻ ከፍቼ ቆጠርሁ። ባለፈው ዓመት አዲስ እንክብል ጀምሬ ሦስት ጥሩ ወራት አግኝቼ ነበር፤ ለሁሉም ሰው ያወራሁት እሱን ነው። እንክብሉን የጀመርሁት ግን በዚያ ዓመት በከፋው ወር መጨረሻ ላይ ነው። ከአራቱ ዓመታት በጣም ደህና የነበርሁበት አምስት ወር ደግሞ ምንም መድኃኒት ያልወሰድሁበት ጊዜ ነበር። ያንን ለማንም አውርቼ አላውቅም። ምስጋና የምሰጠው ነገር ስላልነበረኝ ረሳሁት።

10ኛ መልስ

አንድ ጡረተኛ ቀዶ ሐኪም ወደ ዴንማርክ ወሰዱን። እሳቸው ወጣት በነበሩበት ጊዜ ለሜኒየር ከጆሮ ጀርባ ያለውን አጥንት ከፍቶ የውስጠኛውን ጆሮ ፈሳሽ ከረጢት ማስተንፈስ የተለመደ ነበር፣ ታካሚዎችም ይሻላቸው ነበር። በ1981 ቶምሰንና ባልደረቦቹ የ30 ታካሚዎችን ጥናት አሳተሙ። ለ15ቱ ሙሉው ቀዶ ሕክምና ተደረገ፤ ለ15ቱ አጥንቱ ብቻ ተከፍቶ፣ ከረጢቱ ሳይነካ ተዘጋ። በሁለቱም ቡድኖች አብዛኛው ሰው ተሻለው፤ ተመራማሪዎቹም ልዩነቱ የከረጢቱ እንዳልሆነ ደመደሙ። አዛውንቱ ጥናቱን ያነበቡ ዕለት እንቅልፍ እንዳጡ ጻፉልን። ስንት ሰው አጥንት እንደከፈቱ ያስቡ ነበር።

11ኛ መልስ

አምስተኛው መላሽ ይህን ሲያይ እርሜ ብሎ ተነሣ። ለማስመሰል የሰው አጥንት ከፍቶ የዘጋ ሐኪም ሊከበር ነው ወይ? በዚህ ላይ ሌሎች ሁለት ሰዎች ደገፉት (12ኛና 13ኛ መልስ)፤ ለእንክብል ፕላሴቦ እሺ፣ ለቢላዋ ግን አይሆንም አሉ።

14ኛ መልስ

የመረጃ ተንታኙ ከጠበቅሁት በላይ ሚዛናዊ ሆኖ መለሰ። ያ ጥናት በጣም ትንሽ እንደነበር፣ በ2000 ሌሎች ተመራማሪዎች ቁጥሮቹን እንደገና ተንትነው ልዩነት አለ ብለው እንደተከራከሩ አስታወሰ። ከ30 ሰው የሚወጣ መልስ እንዲህ ነው፤ እንደ ተንታኙ ይለያያል። ስለዚህ እኔ ማወቅ ያለብኝ የእኔ ጥናት ስንት ሰው ይዟል የሚለውን ነው አለ። ጥቂት ሰው ብቻ ከሆነ፣ ተወግቼም መልስ ላይገኝ ነው። ቅጹን ሁለት ጊዜ ያነበብሁ ሰው ይህን ቁጥር አልፈለግሁትም ነበር።

ከ15ኛ እስከ 17ኛ መልስ

እዚህ ላይ ወሬው ወደ ቶንሲል ሄደ። አንዲት እናት የልጇ ቶንሲል ይውጣ ወይስ ይቆይ ብላ ጠየቀች፤ ርዕሱ ይህ አይደለም ያላት ሰው ቢኖርም ነርሷ መለሰችላት። ለጉሮሮ ኢንፌክሽን ቶንሲል ለማውጣት በብዙ ቦታ የሚጠቀሱት ቁጥሮች በአንድ ዓመት 7 ጊዜ፣ ወይም ለሁለት ዓመት በየዓመቱ 5፣ ወይም ለሦስት ዓመት በየዓመቱ 3 ጊዜ መታመም ናቸው፤ የመጡትም ፓራዳይዝና ባልደረቦቹ በ1984 ካሳተሙት ጥናት ነው። በዚያ ጥናት ቶንሲላቸው የወጣላቸው ልጆች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያነሰ ታመሙ፤ ያልወጣላቸውም ግን ብዙዎቹ ቀላል ሕመም ብቻ ነበር የገጠማቸው። እናቲቱ ልጇ ሌሊት ያንኮራፋል ስትል ነርሷ ሁለተኛ ጥናት ጨመረች። በእንቅልፍ ትንፋሽ የሚቆራረጥባቸው ከ5 እስከ 9 ዓመት የሆኑ 464 ልጆች በዕጣ ተከፍለው፣ ከሰባት ወር በኋላ የእንቅልፍ ምርመራቸው የተስተካከለው ቀዶ ሕክምና ካደረጉት 79 በመቶ፣ እየተጠበቁ ከቆዩት ደግሞ 46 በመቶ ነበሩ። ውጤቱ በ2013 ወጥቷል።

እናቲቱ አመስግና ወጣች፤ እኔ ግን 46 በመቶው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሳይነኩ የተስተካከሉት ማለት ነው። ቀዶ ሕክምናው ብልጫ አለው፣ ጥያቄ የለውም፤ ያን ብልጫ ትክክለኛ ልክ የሰጠው ግን የጠበቁት ልጆች ቡድን ነው። ከርዕሱ የወጣ የመሰለው ወሬ ወደ ጥያቄዬ መልሶ አመጣኝ።

18ኛ መልስ

የመስማት መርማሪዋ ተመልሳ ለሜኒየር ጆሮ ውስጥ የሚወጋውን የጄንታማይሲንን ነገር አነሣች። በ1948 የታተመው የስትሬፕቶማይሲን የሳንባ ነቀርሳ ጥናት 107 ታካሚዎችን በዕጣ የከፈለ፣ የዛሬዎቹ ጥናቶች አባት ከሚባሉት አንዱ ነው። መድኃኒቱን ከወሰዱት ብዙዎቹ ማዞር ያዛቸው፤ ውስጠኛውን ጆሮ ይጎዳልና። ጄንታማይሲን የዚያ ቤተሰብ ነው። ሐኪሞች ያንኑ ጉዳት ለሕክምና አዋሉት፤ በታመመው ጆሮ ውስጥ ይወጋና የሚዛን ሕዋሳቱን ያደክማል። አደጋው መስማትንም ሊነካ መቻሉ ነው። በ2016 የታተመ ጥናት 60 ታካሚዎችን ለጄንታማይሲንና ሜቲልፕሬድኒሶሎን ለሚባል ስቴሮይድ በዕጣ ከፍሎ ለሁለት ዓመት ተከታተለ። ከሕክምናው በፊት በነበሩት ስድስት ወራትና በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት መካከል ማዞሩ በጄንታማይሲን በ87 በመቶ፣ በስቴሮይዱ በ90 በመቶ ቀነሰ።

19ኛ መልስ

አምስተኛው መላሽ ይኸው፣ 90 በመቶ ሲል ነርሷ በአንድ መስመር መለሰችለት፤ በዚያ ጥናት የጨው ውሃ ቡድን አልነበረም። ሁለቱን መድኃኒቶች ያወዳድራል፤ ከ90ው ስንቱ በራሱ የሚመጣ እንደነበር ግን አይነግረንም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የእኔ ጥናት ለምን እንደተጀመረ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ።

20ኛ መልስ

ፊቷ በአንድ ወገን ሽባ ሆኖ የነበረ ሴት ናት፤ ቤልስ ፓልሲ የሚባለው። ፕላሴቦ ሁልጊዜ መድኃኒትን የሚያዋርድ መስሎ እንዳይታየን ብላ የስኮትላንዱን ጥናት አመጣች። በ2007 በታተመው በዚያ ጥናት 551 ታካሚዎች ፊታቸው በተጠቃ በ72 ሰዓት ውስጥ ተመዘገቡ። ከዘጠኝ ወር በኋላ ሙሉ በሙሉ የዳኑት ፕሬድኒሶሎን ከወሰዱት 94.4 በመቶ፣ ካልወሰዱት 81.6 በመቶ ነበሩ። ብዙ ሐኪም ያዘው የነበረው አሲክሎቪር ግን ምንም አልጨመረም። ከአሥሩ ስምንቱ በራሱ በሚድንበት ሕመም፣ የቱ መድኃኒት እንደሚረዳና የቱ እንደማይረዳ ያለ ፕላሴቦ ቡድን ማን ይለየው ነበር? እሷ በሁለተኛው ቀን ፕሬድኒሶሎን የተሰጣት እነዚያ የማታውቃቸው ሰዎች በዕጣ ለመመደብ እሺ ስላሉ እንደሆነ ጻፈች። ይህ መልስ ነክቶኛል።

21ኛ መልስ

አምስተኛው መላሽ እንደገና፤ በዚህ ጊዜ ግን ቀዝቀዝ ብሎ። ስለ ቁጥሩ አልከራከርም አለ። አንድ ነገር ብቻ ማንም አልመለሰልኝም፤ የጨው ውሃ የደረሰው ሰው በወሩ ሰባት ጊዜ ቢወድቅ ምን ይደረግለታል? ጥናቱ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ?

ትክክል ነው። ከሁላችንም ውስጥ ይህን የጠየቀ እሱ ብቻ ነው፤ የጠየቀውም ወለሉን ስለሚያውቀው ነው።

22ኛ መልስ

ለዚህ የመለሱት አዛውንቱ ቀዶ ሐኪም ናቸው። ልጄ ብለው ጀምረው ሐሙስ ዕለት ምን ብዬ እንደምጠይቅ ነገሩኝ። ሕመሙ ከባሰብኝ በመሀል ምን ዓይነት ሕክምና ይሰጠኛል፣ ያንን መውሰዴስ ከጥናቱ ያስወጣኛል ወይ? በፈለግሁ ቀን ያለ ምክንያት ማቆም እንደምችል በጽሑፍ አለ ወይ? ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት በሕዝብ መዝገብ ተመዝግቧል ወይ፤ ካልተመዘገበ ውጤቱ ደስ ባላለ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችላልና። ከተመራማሪዎቹ ተለይቶ የጉዳት መረጃውን በየጊዜው የሚያይና ማስቆም የሚችል ቡድን አለ ወይ? ሲያልቅስ፣ መድኃኒቱ ከሠራ፣ የጨው ውሃ የደረሳቸው ያገኙታል ወይ? ከባሰብህ ሕክምና አይሰጥህም ከተባልህ አትፈርም አሉኝ።

23ኛ መልስ

የራሴ፤ ሐሙስ ማታ። ጥያቄዎቹን ወረቀት ላይ ጽፌ ሄድሁ። ሐኪሜ አንድ በአንድ መለሰልኝ፤ ሁለቱን ቅጹ ላይ አሳየኝ፣ አንዱን አላውቅም ብሎ ስልክ ደውሎ አጣራ። ከባሰብኝ የማስታገሻ ሕክምና አለ፣ መውሰዴም አያስወጣኝም፣ ይመዘገባል ብቻ። ሲያልቅ መድኃኒቱን ስለማግኘት ግን ቃል አልተገባልኝም፤ ይህ ቅር አሰኝቶኛል፣ ቅር እንዳለኝም ነገርሁት።

ፈርሜአለሁ። ዕጣው ከመውጣቱ በፊት አንድ ወር የማዞር ማስታወሻ ብቻ እሞላለሁ፤ የተነሣበትን ሰዓት፣ የቆየበትን ጊዜ፣ ከአራት ነጥብ ስንት እንደከበደኝ። ዛሬ ጀመርሁ። ዜሮ ጻፍሁ።

24ኛ መልስ

የመጀመሪያዋ መላሽ፣ እንኳን ሁሉን ጠይቀህ ወሰንህ ካለች በኋላ፣ እንቅልፍ ላይ ሆኖ ለሚነሣ ማዞር የሚጻፈው የነቃህበት ሰዓት ነው ወይስ ተነሣ ብለህ የምትገምተው ሰዓት ብላ ጠየቀችኝ። እሷን የሚይዛት ብዙ ጊዜ ከንጋቱ በፊት ነው። አልጠየቅሁትም ነበር። ነገ ጠዋት ደውዬ አጣራለሁ፤ እዚሁ እጽፍላታለሁ።